ማንጠግቦሽ ነግራኝ «አልነገረችኝም» ያልሁበት ቀን

የነፍስ አባቴ ያውቁታል ብላችሁ እንዳታስቡ። እሳቸውም አያውቁትም። በየዓመቱ ጾም ሲገባ ከፊታቸው ተንበርክኬ «ዋሽቻለሁ አባ» እላለሁ፤ እሳቸውም ስግደት አዝዘው «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ይሉኛል። ምን ብዬ እንደ ዋሸሁ፣ ማንን እንደ ጎዳሁ ጠይቀውኝ አያውቁም፤ እኔም ጨምሬ ተናግሬ አላውቅም። ቃሉን ሰጥቼ ነገሩን እያስቀረሁ እመለሳለሁ። አሁን ለእናንተ፣ ፊታችሁን ለማላየው፣ ልናገረው ነው። የሰው ፊት እያየሁ መናገር ስላቃተኝ ነውና ከድፍረት አትቁጠሩልኝ።

ፍኖተ ሰላም ላይ ፖሊስ ሆኖ እኔን የማያውቅ ጥቂት ነው። ኢንስፔክተር ፈንታነሽ ከሚሉኝ ይልቅ «የአባላት ጠበቃ» የሚሉኝ ይበዛሉ። ሕግ ተምሬ አይደለም። አባል ታሞ ሕክምና ሲከለከል፣ ሴት አባል ከአራስ ቤት ሳትወጣ ስምሪት ሲወጣባት፣ ያለ ጥፋቱ ከደረጃው ዝቅ የተደረገ ሲኖር ወደ እኔ ይመጣሉ። እኔም ደንቡን ይዤ የአለቆች በር ላይ እቆማለሁ። እስኪሰለቹኝ እከራከራለሁ። በቅርቡ አንዲት ወጣት ኮንስታብል ሕፃን ታቅፋ ቢሮዬ መጣችና «እርስዎ ባይኖሩ ይችን ልጅ አላቅፋትም ነበር፤ ስሟንም በስምዎ ፈንታነሽ ብያታለሁ» አለችኝ። ሕፃኗን ሳምሁ፤ መረቅሁ። እናትየዋን ከሸኘሁ በኋላ በሩን ዘግቼ አለቀስሁ።

«ይህን ልብ ከየት አመጣሽው?» ይሉኛል። ዝም እላለሁ። ዝምታዬን ከትሕትና ይቆጥሩታል። ትሕትና መች ያውቀኛል? ከየት እንዳመጣሁት ልንገራችሁ።

የተወለድሁት ማንኩሳ አጠገብ ካለ ገጠር ነው። አባቴ ለማልፈልገው ሰው ሊድረኝ ሲል ከቤት ጠፋሁ። አባቴም «ከእንግዲህ ልጄ አይደለችም፤ ሬሳዬ ላይም አትቁም» ብሎ በሽማግሌ ፊት ተናገረ። ስለዚህ ፖሊስነት ለእኔ እንጀራ ብቻ አልነበረም። ቤቴም ዘመዴም እሱ ነበር። ያንን ብቻ ነበር ያለኝ።

ማንጠግቦሽን ያገኘኋት ሥልጠና ላይ ነው። የአዴት አካባቢ ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሳቋ ከሩቅ የሚለይ። ሮጠን ትንፋሼ ሲቆረጥ ከኋላዬ ሆና «አይዞሽ ፈንትዬ፣ እዚያ ዛፍ ጋ ስንደርስ እንወድቃለን» ትለኛለች። ዛፉ ጋ ስንደርስ ደግሞ ሌላ ዛፍ ትጠቁመኛለች። ሥልጠናውን የጨረስሁት በሷ ዛፎች ነው። ስንመረቅ ሁለታችንንም ቡሬ መደቡን፤ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን አብረን ገባን።

ያን ጊዜ የነበረኝን ኑሮ እንዴት ልንገራችሁ? ከሥራ ስንገባ ድንች ቀቅለን በአዋዜ እንበላለን። በርበሬ ወደ ገበያ በሚገባበት ወራት ከተማው በሙሉ ያስነጥሳል፤ እሷ አስነጥሳ እኔ «ይማርሽ» ሳልል ከቀረሁ ታኮርፋለች፤ ኩርፊያዋ ግን ምሳ ድረስ አይዘልቅም። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደጃፍ ላይ ተቀምጠን ፀጉር እንሠራራለን። የሷ ሹሩባ ጠበቅ ያለ ነው፤ ቆብ ሲደረግበት አይላላም። እየሠራችኝ ወሬ ታወራለች፤ ሰው አታማም፣ ራሷን ነው የምታማው፤ ከሰልፍ ስትሳሳት፣ አለቃ ፊት ሰላምታዋን በግራ እጇ ስትሰጥ። እኔ ስስቅ ጭንቅላቴ ይነቃነቅባታል፤ በማበጠሪያው ነካ ታደርገኝና «አርፈሽ ተቀመጭ አንች» ትላለች። ስም ያወጣላት ሰው አልተሳሳተም። ማን ይጠግባታል? እኔ አልጠገብኋትም። ዛሬም አልጠገብኋትም።

ከዚያ አስተማሪ አገባች። ባሏ ሽንዲ ያስተምር ስለ ነበር በሳምንት አንዴ ብቻ ነበር ወደ ቡሬ የሚመጣው፤ ስለዚህ እኔና እሷ አብረን መኖራችንን አልተውንም። ዓመታት አለፉ፤ ልጅ አልመጣም። የባሏ ዘመዶች በነገር መውጋት ጀመሩ። እሷ ስቃ ታልፋለች እንጂ ማርያም ደጅ ተንበርክካ ስትቆይ አይቻታለሁ።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በራችን ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። እጆቿ ሆዷ ላይ ናቸው።

«ፈንትዬ፣ ያዘልኝ» አለችኝ።

በዚያ ሰሞን የበሬ ሌባ እናሳድድ ነበርና ጓደኛችን ሌባውን የያዘ መሰለኝ። «ማን ያዘልሽ?» አልኋት።

እዚያው በሩ ላይ እስክትንበረከክ ሳቀች። እኔም ሲገባኝ ጮኽሁ። አፌን በእጇ ያዘችኝ።

«እስኪጸና ለማንም እንዳትተነፍሽ። ለባሌ እናት እንኳ አልነገርሁም። ግን የጤና ጣቢያዋ ነርስ ብዙ እንዳልቆም አስጠንቅቃኛለች፤ ደም ነገር አይቼ ነበር። አሁን ስምሪት የምታወጭው አንች ነሽ። እባክሽ፣ እስኪጸናልኝ ድረስ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጭኝ።»

እውነቷን ነው፤ የፈረቃ ኃላፊ ከሆንሁ ብዙ አልቆየሁም ነበር። ማን ገበያ እንደሚወጣ፣ ማን ዘብ እንደሚቆም፣ ማን ጣቢያ ውስጥ ተቀምጦ አቤቱታ እንደሚቀበል የምወስነው እኔ ነበርሁ። ጠረጴዛ የምንለው ያንን የአቤቱታ ቦታ ነው።

«ይኸም ልመና ሆኖ ነው?» አልኋት። ማርያምን ብዬ ማልሁላት። ልብ በሉልኝ፤ ነግራኛለች። በአፏ፣ እጇን አፌ ላይ አድርጋ፣ ነግራኛለች።

ለጊዜው ቃሌን ጠበቅሁ። ከዚያ ክረምት ሊገባ ሲል ማዳበሪያ መጣ።

የእኛን አገር የማያውቅ ሰው ይህ ምን እንደሆነ አይገባው ይሆናል። ዝናቡ ገብቶ ማዳበሪያው ካልደረሰ የዓመት እህል ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ የመጣ ዕለት የዙሪያው ገበሬ ሁሉ መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ይፈስሳል። በዋዜማው የጣቢያው አዛዥ «ከጠረጴዛ ሰው በቀር ሁሉም አባል ይውጣ» ብሎ አዘዘ። እኔ በልቤ የጠረጴዛዋን ሰው አውቃታለሁ። አዛዡ ግን ቢሮው ጠራኝና «የእህቴን ልጅ እግሩን አሞታል፤ ነገ ጠረጴዛው ላይ እሱ ይቀመጥ» አለኝ። ቀጥሎም፣ እንደ ዋዛ፣ «ያንች የማዕረግ ጉዳይም እኔ ጋ ነው ያለ» አለ።

ልጁ እንደኛው የጣቢያው አባል ነው፤ እግሩ ደህና ነበር። በዚያው ዕለት ኳስ ሲጫወት አይቼዋለሁ። «ጌታዬ፣ ለጠረጴዛው የታመመች ሰው አለችኝ» ማለት እችል ነበር። ምን ይለኝ ነበር? ቢቆጣኝ ነው። ማዕረጌን ቢያዘገይ ነው። እኔ ግን «እሽ ጌታዬ» አልሁ። ማንም እጄን አልጠመዘዘኝም። እኔው ነኝ «እሽ ጌታዬ» ያልሁት።

በነጋታው ጧት ዩኒፎርሟን ስትለብስ «ዛሬን ብቻ ቻይልኝ» አልኋት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ፈንትዬ፣ ልቤ ፈርቷል።»

«እኔ አጠገብሽ አለሁ አይደል? ሲደክምሽ ቁጭ በይ።»

የት ነው ቁጭ የምትለው? በዚያ ሕዝብ መካከል፣ በዚያ ጭቃ ላይ፣ የት? ይህን ሳስብ ዛሬም ፊቴን ያቃጥለኛል። እሷ ግን «እሽ» አለች። ቀበቶዋን አንድ ቀዳዳ አላላችና ወጣች።

የሴቶቹን ሰልፍ እንድትጠብቅ መጋዘኑ የብረት በር አጠገብ አቆምኋት። ባሎቻቸው የሞቱባቸው፣ ወይም ባላቸው ታሞ የቀረባቸው እናቶች ነበሩ። እስከ ቀትር ደህና ነበር። ከዚያ ዝናቡ ወረደ፤ ከዝናቡ ጋርም «አልቋል!» የሚል ወሬ ከኋላ ተነሣ። ማን እንዳለው አይታወቅም፤ አላለቀም ነበር። ሕዝቡ ግን በአንድ ጊዜ ወደ በሩ ተገፋ። «አጠገብሽ አለሁ» ያልሁት እኔ ከወንዶቹ በኩል ነበርሁ። ድምፅዋን አልሰማሁም። መጀመሪያ ያየሁት ቆቧን ነው፤ ጭቃ ላይ ወድቆ ሰው ይረግጠዋል።

ሰው ገፍቼ ስደርስ ሴቶቹ ከበዋታል። አንዲት እናት ነጠላዋን አውልቃ ከወገቧ በታች ሸፍናታለች። ሴትዮዋ ደሙን አይታ ነገሩ ገብቷታል። ቀና ብላ አየችኝና «ይችን ልጅ እዚህ ያቆማት የምን አረመኔ ነው?» አለች።

እኔ ነኝ አላልሁም። «መንገድ ልቀቁ!» ብዬ ጮኽሁ።

በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ ከዚያም በአምቡላንስ ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል። ፅንሱ አልተረፈም። ሆስፒታል ስጠይቃት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር፤ እጇን ስይዛት ግን አልነጠቀችኝም። ያን እጅ ይዤ «እኔ ነኝ ያጠፋሁ» ብል ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር ይሆናል። አላልሁም። «እግዚአብሔር ሌላ ይሰጥሻል» አልሁ። የራሴን ጥፋት በእግዚአብሔር ላይ ጥዬ ወጣሁ።

ይህ ሁሉ ግን ገና ኑዛዜዬ አይደለም። ሰው ይሳሳታል፤ ሰው ይፈራል። ኑዛዜዬ ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

ወደ ሥራ ከተመለሰች በኋላ ግምገማ ተጠራ። ነፍሰ ጡር አባል ለምን እንዲህ ያለ ቦታ እንደ ተሰማራች ከበላይ ተጠይቆ ነበር። የጣቢያው አባል ሁሉ ተሰብስቧል። እሷ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች፤ ከስታለች። አዛዡ ወደ እኔ ዞረ።

«ሳጅን፣ ስምሪቱን ያወጣሽው አንች ነሽ። ነፍሰ ጡር መሆኗን ነግራሽ ነበር?»

እሱ እርግዝናዋን አያውቅም ነበር፤ ይህን ልመስክርለት። ከጣቢያው የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። ነግራኛለች ብል ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ አውቀዋለሁ፤ እያወቅሽ ለምን አሰማራሻት? ያን ጊዜ ወይ አዛዡን ከነእህቱ ልጅ አጋልጣለሁ፣ ወይ ብቻዬን እጠየቃለሁ። በሁለቱም ማዕረጌ ሄደ፤ ምናልባት ሥራዬም ሄደ። ይህን ሁሉ ያሰብሁት ዓይን ተከድኖ ሳይገለጥ ነው። የሰው ልብ ለክፋት እንዴት ይፈጥናል?

«አልነገረችኝም» አልሁ።

አልነገረችኝም። ነግራኝ አልነገረችኝም አልሁ። ማርያምን ብዬ ምዬላት አልነገረችኝም አልሁ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

አዛዡ ወደ እሷ ዞረ። «አንችስ? ነግረሻታል?»

አየችኝ። ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር። እሷ ግን በሥልጠናው ጊዜ ትንፋሼ ሲያጥር ታየኝ እንደ ነበረው ነው ያየችኝ። ከዚያ ወደ አዛዡ ዞራ «አልነገርኋትም ጌታዬ» አለች።

ጤንነቷን ደብቃ ራሷንም ሥራውንም ለአደጋ አጋልጣለች ተብሎ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። ፅንሷን ያጣች ሴት ተነሥታ ቆማ ማስጠንቀቂያ ተቀበለች። እኔም ከሌሎቹ ጋር ተቀምጬ አየሁ። ብዙም ሳትቆይ ሥራዋን ለቀቀች።

ዕቃዋን ጭና ወደ ባሏ ወደ ሽንዲ ስትሄድ እኔ ሥራ ላይ ነኝ ብዬ አልሸኘኋትም። ሥራ አልነበረኝም፤ ከጣቢያው ጀርባ ተቀምጬ ነበር። መሄጃዋ ሲደርስ እዚያው ድረስ መጣች። ሰላም አለችኝ፤ ጉንጬን ሳመችኝ። «ጫማሽን አጥቤ ፀሐይ ላይ አውጥቸዋለሁ። ዝናብ ሳይመጣ አስገቢው» አለችኝ። ይህን ብላ ሄደች።

ማዕረጌን አገኘሁ። ወደ ፍኖተ ሰላም ተዛወርሁ። አዲሱ ቤቴ ከድሮው ይሰፋ ነበር፤ እሁድ እሁድ ግን ደጃፉ ላይ ብቻዬን እቀመጥ ነበር። ፀጉሬን ለሠሪ መስጠት ጀመርሁ፤ በኋላም ቆረጥሁት።

ለአባላት መከራከር የጀመርሁት በአንድ ሌላ ግምገማ ላይ ነው። የምታጠባ ሴት አባል ወደ ሩቅ ጣቢያ ልትዛወር ተወስኖ ነበር። ሁሉም ዝም አለ። እኔ ሳላስበው ብድግ አልሁ። «ይህ አይሆንም!» ስል የራሴን ድምፅ ፈራሁት። ሰው ሁሉ ጀግና አለኝ። ያ ድምፅ ግን አንድ ግምገማ ዘግይቶ የመጣ ነው። መምጣት የነበረበት ቡሬ ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲያ አልተቀመጥሁም። የአባላትን ጉዳይ እንድከታተል መደቡኝ፤ የታመመ አስታመምሁ፣ የተበደለ አስካስሁ። በእኛ ዘንድ ዛሬ ነፍሰ ጡር አባል ለፈረቃ ኃላፊዋ መንገር አይጠበቅባትም። ነርሷ ከመሰከረች በቂ ነው፤ ኃላፊው ሊሽረው አይችልም። ለዚህ ዓመታት ተከራክሬያለሁ። አንዱ አለቃ ተሰላችቶ «ኢንስፔክተር፣ ምነው የፈረቃ ኃላፊዎችን እንዲህ አላምን አልሽ?» ብሎኝ ነበር። ምን ልበለው? የማላምናት የፈረቃ ኃላፊ አንዲት ናት፤ እሷም እኔ ነኝ።

እንግዲህ ይህን መልካም ሥራ ሚዛን ላይ አስቀምጡልኝ ማለቴ ነው? አይደለም። እኔ ራሴ ለብዙ ጊዜ አስቀምጨው ነበር። አንዲት ሴት በረዳሁ ቁጥር «ይኸው፣ ትንሽ ቀለለልኝ» እል ነበር። አልቀለለም። የረዳኋቸው ሁሉ እሷን አይሆኑም።

በመጨረሻ ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሲያልፍ፣ ሽንዲ ሄድሁ። የአስተማሪው ቤት ብዬ ጠይቄ አገኘሁት። ግቢው ውስጥ በርበሬ ተሰጥቶ ቀልቷል። ጎንበስ ብላ እያገላበጠች ነበር። ሸብታለች። ቀና ብላ ስታየኝ እጇ ቆመ፤ ከዚያ መጥታ አቀፈችኝ። እግሬን ካላጠብሁ ብላ ታገለችኝ። ምግብ አቀረበች፤ አጎረሰችኝ። ከዚያ በኋላ ልጆች እንደ ወለደች፣ ትልቋ ባሕር ዳር እንደምትማር ነገረችኝ። ደስ አለኝ። ግን ያ የመጀመሪያው ቢኖር በዕድሜ ከሁሉም ይበልጥ ነበር፤ እሱን ሁለታችንም አላነሣነውም።

ጎረቤቷ ብቅ አለችና «እንግዳ አለሽ እንዴ? ማናት?» ብላ ጠየቀች።

«ድሮ አብረን እንሠራ ነበር» አለች ማንጠግቦሽ።

ጓደኛዬ ናት አላለችም። እህቴ ናት አላለችም። ደግሞስ ለምን ትላለች?

ጎረቤቷ ስትወጣ እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዛ አነሣችኝ። «ተይ፣ ተይ» አለችኝ።

«አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ» አልኋት። «ለምን ሸፈንሽኝ? ያን ዕለት እውነቱን ለምን አልተናገርሽም?»

እንደ ቀላል ነገር መለሰችልኝ። «እኔ ባል ነበረኝ፤ የአባቴም ቤት ነበረልኝ። አንችን ከሥራ ቢያባርሩሽ የት ትገቢ ነበር?»

ከዚህ በላይ መቀመጥ አቃተኝ። እያለቀስሁ ስነሣ እስከ አጥሩ በር ሸኘችኝ። እዚያ ስንደርስ ቆመች።

«ይቅር ማለቱንስ ብዬሻለሁ ፈንትዬ። ድሮ ነው ያልሁሽ፤ እግዚአብሔር ይመስክርብኝ። ግን ሁለተኛ አትምጭ። ስንት ዓመት ደህና ከርሜ፣ አሁን አንችን ሳይ የዚያን ዕለት ዝናብ ሰማሁት። እባክሽ አትምጭብኝ።»

«እሽ» አልሁ።

እንግዲህ ይቅርታዋን ይዤ ነው የተመለስሁት፤ እናንተን ይቅርታ የማልለምናችሁም ለዚህ ነው። ሊሰጠኝ የሚገባው ሰው ሰጥቶኛል። እኔ ግን ስንት ዓመት ይቅርታ ስመኝ የኖርሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የተመኘሁት እሷኑ ነው።

ሥራዬ ብዙ ጊዜ ቡሬ ያደርሰኛል። የሽንዲ መንገድ ከሚገነጠልበት ቦታ የተሳፋሪ መኪኖች ቆመው ረዳቶቹ «ሽንዲ! ሽንዲ! አንድ ሰው!» ይላሉ። ዩኒፎርሜን አይተው ወንበር ይለቁልኛል፤ «ይግቡ እትዬ፣ በእርስዎ ሞላልን» ይሉኛል። እኔም እዚያው ቆሜ መኪናው እስኪሄድ አያለሁ። በእግሬ ልሂድ የሚያሰኘኝ ቀን አለ። ግን አልሄድም። መጀመሪያ የለመነችኝን አላደረግሁላትም፤ ይህን እንኳ ላድርግላት።